የአባዬ ሪሞት

በኛ ቤት ሥልጣን በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነበር። ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ከተገዛ ጀምሮ የለበሰው ላስቲክ ያልወለቀለት… የሪሲቨሩ ሪሞት። (ቴሌቪዥኑ የራሱ ሌላ ሪሞት ነበረው። እሱ ግን ከማብራት፣ ከማጥፋትና ድምፅ ከመጨመር ያለፈ ሥራ ስላልነበረው እንደ ምክትል ሚኒስትር ማንም አይፈራውም።)

አባዬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ጋር ያለውን ቀጠሮ አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። ሪሞቱ ከሶፋው በስተቀኝ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። አባዬ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ አባዬ ሲተኛ ኮት ኪስ ውስጥ ያድራል። አልዋሸኋችሁም፣ አንድ እሁድ ለቅሶ ቤት ይዞት ሄዶ እኛ ያንኑ አንድ ቻናል ስናይ ውለናል። የሪሲቨሩ የፊት ቁልፎች ከሞቱ ቆይተዋልና ሪሞት ከሌለ ሁሉም የለም።

እንደዚህ ሆነን 2008 ዓ.ም ደረሰ። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አልብሶ ብቅ ያለበት ዓመት ነው። የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የአገር ውስጥ የፊልምና የቲያትር ሰዎች ገበያችንንም ባህላችንንም ይጎዳል ብለው ተቃውመውት ነበር። ክርክሩ በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ሲጦፍ፣ በኛ ሳሎን ውስጥ ደግሞ የራሱን መልክ ይዞ ይካሄድ ነበር። በአንድ በኩል እማዬና እህቴ፣ በሌላ በኩል አባዬና ሪሞቱ። ድራማውና ዜናው አንድ ሰዓት ላይ ይጋጫሉ። ድምፅ ቢሰጥ ሁለት ለአንድ ነው (እኔን ካልቆጠራችሁ)፤ ነገር ግን በኛ ቤት ድምፅ አይሰጥም።

በዚያው ሰሞን መገናኛ ካሉት የስልክ ሱቆች ከአንዱ ያገለገለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 4 ገዛሁ። አናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረችው። ሻጩ «ይቺ ሪሞት ናት» ሲለኝ ዋጋ ሊጨምርብኝ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ አፑን ከፈትኩና ወደ ቴሌቪዥኑ አነጣጥሬ አንድ ቁልፍ ነካሁ። ጠፋ። እንደገና ነካሁ። በራ። ሰውነቴን የወረረኝን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ሲታዘዝ የኖረ ዕቃ፣ እኔን ሰማ!

አንዴ ቆም ብዬ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሪሞት ጫፉ ላይ ያለችው አምፖል ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ለዓይናችን የማይታየውን ብርሃን ታወጣለች። ብርሃኗ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ትርገበገባለች፤ ይህ ከፀሐይና ከሳሎን አምፖል ብርሃን እንድትለይ ነው። በዚያ ላይ ብልጭታው ይቆራረጣል፤ አጭር ዝምታ፣ ረጅም ዝምታ፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም… ይህ ቅደም ተከተል ነው ትዕዛዙ። አንዱ «ድምፅ ቀንስ» ማለት ነው፣ አንዱ «ቻናል 5» ማለት ነው። ተቀባዩ ዕቃ ትዕዛዙን ያያል እንጂ አዛዡን አያይም። አንተ ማነህ፣ የዚህ ቤት ሰው ነህ ወይ፣ ማን ፈቀደልህ የሚል ጥያቄ ከጅምሩ አልተፈጠረበትም። ደግሞ ብርሃን ስለሆነ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይደርሳል። ከጀርባ ሆነህም ማዘዝ ትችላለህ።

ይህ ጠባይ አዲስ አይደለም። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ዩጂን ፖሊ የሠራውን የመጀመሪያውን ገመድ አልባ የቴሌቪዥን ሪሞት ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ሪሞቱ የባትሪ መብራት የሚመስል ነገር ነበር፤ የቴሌቪዥኑን አራት ማዕዘኖች በብርሃን እየመታ ያዛል። ችግሩ የፀሐይ ብርሃንም ማዕዘኑ ላይ ሲያርፍ ቴሌቪዥኑ «እሺ» ይል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሮበርት አድለር በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ የሚያወጣ ሌላ ሪሞት ሠራ። ይህኛው ባትሪ እንኳን አያስፈልገውም፤ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፣ አለቀ። ኢንፍራሬድ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አመሉ ግን ያው ነው፤ ለጮኸለት ሁሉ ይታዘዛል።

እኔም ጮህኩለት። መጀመሪያ የሞከርኩት ሰፈራችን ካለው ጁስ ቤት ነው። ኳስ እየታየ፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ድጥ አደረግኩት። (አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ስድባችሁ ይገባኛል።) የዚያን ቀን የተነሳውን ጩኸት እስከዛሬ አልረሳውም። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን በጥፊ እየመታ ሳለ መልሼ አበራሁለት፤ ሰውዬው ጥፊው የሠራለት መስሎት ከዚያ በኋላ በረባ ባልረባው ይማታ ጀመር። ለነገሩ በዚህ ጥፋት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ሚች አልትማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ቲቪ-ቢ-ጎን የምትባል፣ ያገኘችውን ቴሌቪዥን ከማጥፋት በቀር ሥራ የሌላት ሪሞት ሠርቶ ሸጧል። የብዙ ኩባንያዎችን የማጥፊያ ኮድ ተራ በተራ ትተፋለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የጊዝሞዶ ጋዜጠኞች ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ይዘዋት ገብተው ስክሪኑን ሁሉ ሲያጠፉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ከኤግዚቢሽኑ ታግዷል። እኔ ከጁስ ቤቱ አልታገድኩም። ማንም አልጠረጠረኝማ!

ወደ ቤታችን ልመለስ። አፑ ቴሌቪዥኑን ቢያውቀውም ሪሲቨሩን አያውቀውም ነበር። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሌሎቹን ኮድ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። አባዬ ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አስራ ሰባተኛው ላይ ቻናሉ ተቀየረ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሃሳብ ያመጣችው እሷ ናት። (እሷ ግን ዛሬም ትክዳለች።)

ማታ አባዬ ሶፋው ላይ፣ እኔ ከኋላው ምግብ ጠረጴዛው ጋ ደብተር ዘርግቼ። ዋና ዋና ዜናዎች ሲያልቁ ቻናሉ ዘለለና ቃና ላይ አረፈ። አባዬ ሪሞቱን አንስቶ መለሰው። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ዘለለ። መለሰው። ደግሞ ዘለለ። አባዬ የሪሞቱን ክዳን ከፍቶ ባትሪዎቹን አገላበጣቸው፣ ነከስ ነከስ አደረጋቸው (ይህ ሳይንስ የት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ይንገረኝ)፣ መልሶ ከተታቸው። አራተኛው ላይ ሪሞቱን መደገፊያው ላይ አስቀመጠና «በቃ ተዉት። ይሄ ዕቃ ራሱ ድራማ አምሮታል» አለ። እማዬ ከሳቋ ጋር እየታገለች ወንበሯን ሳብ አደረገች።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ኖርን። አንዳንድ ማታ እተወዋለሁ፤ ሕመሙ የማይጨበጥ እንዲሆን። አባዬ አዲስ ባትሪ ገዛ። ቀጥሎ ጠጋኝ ጠራ። ጠጋኙ ጎበዝ ልጅ ነበር። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልኩ ካሜራ አዙሮ ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ ነጭ-ሐምራዊ ብልጭታ ታየ፤ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን የስልክ ካሜራ ያየዋል። (ሞክሩት። አንዳንድ ካሜራዎች ያጣሩታል፣ የራስ ፎቶ ማንሻው ብዙ ጊዜ ያሳያል።) «ጋሼ፣ ሪሞትዎ ጤነኛ ነው» አለ። እኔ ያኔ ስልኬን ኪሴ ውስጥ በእጄ ሸፍኜ ቆሜያለሁ። ሪሲቨሩን ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ገጠመ፣ 250 ብር ተቀበለና ሄደ። ያን ማታ ለጠጋኙ ክብር ስል ምንም አልነካሁም። በማግሥቱ ግን ነካሁ።

ያኔ አባዬ ችግሩ ከዲሹ ነው ብሎ ደመደመ። አስተማሪ አይደል፣ ንድፈ ሃሳብ አለው። ናይልሳት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ከዚያ ርቀት ለሚመጣ ነገር ዲሹ ትንሽ ከተዛባ ሁሉም ይዛባል። ነፋስ ነው ያዛባው። ሰኔ አይደል!

ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ተዋሰ። የኛ ሰፈር (ፈረንሳይ ለጋሲዮን) ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህንን ሥነ ሥርዓት ያውቀዋል። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ፣ አንድ ሰው በር ላይ፣ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት። ዲሹ ትንሽ ይገፋል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው «ወረደ!» ይላል፤ በሩ ላይ ያለው ይቀባበላል፤ ከላይ «አሁንስ?» ይባላል። ቴሌቪዥኑ ፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ኳሊቲው መጀመሪያውኑ ሙሉ ነበር። አባዬ ሲነካካው ጠፋ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠፋውን ፈለግን። «ወረደ!» «አሁንስ?» «ባዶ ነው!» «አሁንስ?» ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። አስር ጊዜ ያህል «አባዬ ውረድ፣ እኔ ነኝ» ልለው አፌን ከፍቻለሁ። አስር ጊዜም «ትንሽ ወደ ግራ!» ብያለሁ።

በመጨረሻ ተገኘ። «መጣ! እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። አባዬ ደስ ብሎት ሲወርድ ከታች ሦስተኛው መረገጫ ላይ እግሩ አዳለጠው። ካፊያ ጥሎ ነበር። ከፍታው ምንም አይደል፣ ልጅ ይዘለዋል። እሱ ግን በቀኝ እጁ አረፈ።

አንጓው ተሰብሮ ነበር። እማዬ ወጌሻ ካልተጠራ ብላ ስታለቅስ፣ እህቴ ሆስፒታል ብላ ስትጮህ፣ ሆስፒታሉ አሸነፈ፤ ስድስት ሳምንት ጀሶ። ያን ማታ አፑን አጠፋሁት። እህቴ በዓይኗ ብቻ ጠየቀችኝ፣ በዓይኔ ብቻ መለስኩላት፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን የከፋውን ልንገራችሁ። ቻናሉ መዝለል አቆመ። በአባዬ ሒሳብ ምን ማለት ነው? ዲሹን አስተካክሎታል ማለት ነው! እጁ ጀሶ ውስጥ ሆኖ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይተርከው ጀመር። 36 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አለ፣ 7 ዲግሪው አለ፣ ነፋሱ አለ። «ባለሙያ የተባለው 250 ብር በልቶ ያልቻለውን፣ እኔ በአንድ ጠዋት!» ይላል ጀሶውን ከፍ አድርጎ። ሰዉ ይስቃል፣ ያደንቃል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲያወራ አይቼው አላውቅም ነበር። ጠያቂው እየቀነሰ፣ ጀሶው ተፈትቶ፣ አንጓው ግን እንደ ድሮው አልዞር ብሎ ቀረ። ታሪኩ አልቀረም። በየበዓሉ፣ በየማኅበሩ ይነሳል። እኔስ እውነቱን ብናገር ምን እየወሰድኩበት ነው? እጁን ወስጄበታለሁ። ታሪኩንም ልውሰድበት? (ይህ የፈሪ ሰበብ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ሰበብ ብቻም አልነበረም።)

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። በ2017 ዓ.ም እኔና እህቴ አዋጥተን አዲስ ቴሌቪዥን ገዛንለት። ዲሹ በቀጥታ ራሱ ላይ የሚሰካ፣ በዋይፋይ የሚሠራ፣ ዘመነኛ። የአባዬ ጣቶች የሪሞት ቁልፍ መጫን እየከበዳቸው፣ ዓይኑም ጽሑፉን እያጣው ስለመጣ፣ ስልኩን ሪሞት ላደርግለት አሰብኩ። ስልኩ ላይ ቁልፉ ሰፊ ነው፣ ሲነካ ይበቃል። ቴሌቪዥኑን ሲገጠም በኔ ስልክ አስጀምሬው ስለነበር፣ አሁን የሱን ስልክ ከፍቼ «አገናኝ» አልኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ስድስት ቁጥርና ፊደል ተደርድሮ ወጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ፍቃድ እየጠየቀ ነው አባዬ። እዚያ ያለውን እያየህ ስልክህ ላይ ጻፈው። እዚሁ ቤት ውስጥ ሆኖ ስክሪኑን የሚያይ ሰው መሆንህን ማረጋገጥ ፈልጎ ነው።»

መነጽሩን አስተካክሎ አንድ በአንድ ጻፈው። ተገናኘ። ድምፅ ጨመረ፣ ቀነሰ። ደስ አለው። ከዚያ ቆም አለ።

«የድሮው እንዲህ አይጠይቅም ነበር እኮ።»

«አይጠይቅም።»

«ለምን?»

«የድሮው ትዕዛዙን ብቻ ነው የሚያየው። ማን እንደላከው አያውቅም።»

ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ከአንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው መሄድ ያውቃል። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና አየኝ።

«ታዲያ ሌላም ሰው ሊያዘው ይችል ነበራ?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ ረዘመ። «አዎ» ብዬ ብቻ ልተወው እችል ነበር። ግን ሁሉንም አወጣሁት፤ ኤስ 4ቱን፣ አስራ ሰባተኛውን ኮድ፣ ምግብ ጠረጴዛውን፣ ጠጋኙን። (እህቴን አላነሳኋትም። ይህ ይመዝገብልኝ።)

«እንግዲያው ዲሹ…»

«ምንም አልሆነም ነበር አባዬ።»

የቀኝ አንጓውን በግራ እጁ ያዘው። የሚያደርገውን አውቆ ያደረገው አልመሰለኝም። እማዬ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ? ጸጥ አላችሁ» ስትል «ምንም» አላት። ከዚያ ዜናውን አየ። የአየር ሁኔታውንም ጭምር። የሐዋሳን፣ የባሕር ዳርን፣ የጅግጅጋን ሙቀት ሁሉ እስኪያልቅ አየና፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«ያንተን አጥፋው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስልክህ ላይ ያለውን። እያየሁ።»

አጠገቡ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑን ከስልኬ አስወጣሁት። ስክሪኑን ተቀብሎኝ አረጋገጠ።

«ሌላ የሚገባበት ቀዳዳ አለው?»

ልዋሽ አሰብኩ። አልዋሸሁም። አዲሱም ቴሌቪዥን ቢሆን አብሮት የመጣው ሪሞት ማብሪያና ማጥፊያው እንደ ድሮው በኢንፍራሬድ ነው፤ ከስክሪኑ ሥር ትንሽ ዓይን አለችው፤ እሷ ዛሬም ማንም ይሁን ማን አትጠይቅም። የቷ ናት አለኝ፣ አሳየሁት። ተነስቶ ከመሣቢያው ጥቁር ናስትሮ አወጣ፣ በጥርሱ ቆረጠ፣ ደርቦ ለጠፈባት።

ናስትሮው አሁንም እንደተለጠፈ ነው። ስለዚህ በኛ ቤት ቴሌቪዥን ማብራት የሚፈልግ ሰው አባዬን ያስፈቅዳል። እማዬ ድራማዋን ስትፈልግ «በል እንግዲህ ክፈትልኝ» ትለዋለች፤ ይከፍትላታል፣ ሰዓት ግን ይይዝባታል። ዋይፋዩ ሲቋረጥ ደግሞ ስልኩ ዋጋ የለውም፤ ያኔ አባዬ ብቻውን ሄዶ ናስትሮውን ይልጣል፣ በሪሞቱ ያበራል፣ መልሶ ይለጥፋል።

ይህንን ልጻፈው ብዬ አስፈቅጄዋለሁ። «ጻፈው፣ ስሜን ግን አታንሳ። ሰፈር ውስጥ እኖራለሁ» አለኝ።

ያለፈው እሁድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው እንግዳ ሆኖ መጥቶ ነበር። ቡና እየተፈላ፣ እኔ ቆሎ እያቀረብኩ፣ ሰውዬው ናስትሮውን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። አባዬ «ለአቧራ ነው» አለው። ከዚያ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ «ዲሹን ያስተካከልኩ ጊዜ የሆነውን ነግሬህ አውቃለሁ?» ሲል ጀመረ። 36 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነበረ። 7 ዲግሪውም ነበረ። ነፋሱ ጋ ሲደርስ ግን «ነፋስ ይሁን ምን ይሁን…» ብሎ ቆም አለና እጁን ወደ ቆሎው ሲዘረጋ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺን ሰሃን ወደዚህ አምጣት እስቲ» አለኝ። አመጣሁለት።